ይፍሩ በአማርኛ የጻፈው

ሰማንያ ሰባት ከመቶ ብለው በሥራ ቦታው አጨበጨቡለት። ኬክ ቆርሰው በፕላስቲክ ሳህን አስይዘው ወደ ቤት ሰደዱት። ባሌ ይፍሩ ያን ኬክ ከቴል አቪቭ እስከ አሽቀሎን በባቡር ጭኑ ላይ አስቀምጦ አመጣውና ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ «ንግሥት፣ ከሁሉም በለጥኩ እኮ!» አለኝ። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ፊቱን ብታዩት ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ ይመስል ነበር። እኔም «እሰይ የኔ አንበሳ!» ብዬ አገላብጬ ሳምኩት። በምን እንደበለጠ ግን አልገባኝም። ኋላ በገባኝ ጊዜ፣ ያን ኬክ ምነው መንገድ ላይ በደፋው ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ።

እስቲ ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ነገር ከወገቡ መጀመር አይሆንልኝም፣ ልጆቼም በዚህ ሲስቁብኝ ይኖራሉ።

ይፍሩ ጎንደር ሳለ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በፈረንጅ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጭነን ስንመጣ፣ የአስተማሪነት ወረቀቱን በብብቱ ታቅፎ ነው አውሮፕላን የወጣው። እዚህ ደርሶ ለየቢሮው ቢያሳይ ማን ይወቅለት! አሥር ዓመት ፕላስቲክ ፋብሪካ ቆሞ ባልዲ ሲያመርት ኖረ። ከፋብሪካ እየወጣ ግን ኮምፒውተር ይማር ነበር፤ በዕብራይስጥ፣ ከእሱ በሃያ ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጦ። አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ለሥራ ተወዳደረ። «ማን አባቱ ይቀጥርሃል፣ አንተ ሽማግሌ!» አልኩት፤ አፌን ይቁረጠው። ቀጠሩት።

ሥራው የአውቶቡስ ኩባንያዎች ለሾፌሮቻቸው ተራ የሚያወጡበት ፕሮግራም ነው። ማን በየትኛው መስመር ይውጣ፣ ስንት ሰዓት ነድቶ ይቁም፣ ሰንበት ሳይገባ ማን ይመለስ፣ የሚጾመውን ሾፌር ማን ይተካው፣ ይህን ሁሉ የሚያስበው ክፍል ከመጀመሪያው የይፍሩ እጅ ሥራ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሆነው። አውቶቡስ በቆመበት ባለፍን ቁጥር፣ «ይህ ሾፌር አሁን ሊለቅ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል» ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ወርጄ ሾፌሩን ጠይቄ እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ሾፌሩ ኩባንያው ሰላይ ላከብኝ ብሎ ተቆጣ።

ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አሽቀሎን ጣቢያ ሳይወርድ ቀረና አልፎ ኦፋኪም ደረሰ። «እንቅልፍ ወሰደኝ» አለ። ይሁን አልኩ፣ የደከመ ሰው ይተኛል። በሁለተኛው ጊዜ ግን እንቅልፍ አልነበረም። ባቡር ውስጥ ሆኖ ደወለና፣ «ንግሥት፣ የኛ ጣቢያ ስሙ ማነው?» አለኝ። «አሽቀሎን» አልኩት፤ እስኪወርድ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም።

እኔ መታፔለት ነኝ፣ ሽማግሌ አስታማሚ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው እናትና አባት ሳጥብና ሳጎርስ የኖርኩ ነኝ፤ ይህን የመርሳት በሽታ ገና በር ሳያንኳኳ በኮቴው አውቀዋለሁ። እዚሁ አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር አንድ ሮማንያዊ ሰዓት ጠጋኝ አስታምም ነበር። የልጆቹን ስም ይረሳል፣ ሱቁ ገብቶ ሰዓት ሲፈታ ግን እጁ አይስትም። ልጆቹ አዘንንለት ብለው ሱቁን ዘጉበት። በሁለት ወር ውስጥ ማንኪያ በየት በኩል እንደሚያዝ ጠፋው። ዕብራይስጡም እንደ ጉም በነነና ሮማንኛ ብቻ ቀረለት፤ በሽታው ኋላ የመጣውን ቋንቋ ነው ቀድሞ የሚበላው። ያን ጊዜ የተማርኩትን አልረሳም። እንዲህ ያለ ሰው ከወንበሩ ከተነሣ አበቃለት።

ስለዚህ ለራሴ ማልኩ። ይፍሩ ጡረታው፣ ስልሳ ሰባት ዓመቱ፣ እስኪደርስ ማንም ሳያውቅበት በክብሩ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል። ባሌ እስከዚያ ድረስ ባሌ ሆኖ ይቆይልኝ ነው ያልኩት፤ ብዙ ነው እንዴ?

ለልጆቼ አልተናገርኩም። ለጤና መድኑ፣ ለኩፓት ኾሊም ሐኪም አልተናገርኩም። ለራሱም ለይፍሩ ትንፍሽ አላልኩም። ባቡሩ አሽዶድን ሲያልፍ እደውልና፣ «ዳቦ ገዝተህ ና፣ የት ደረስክ፣ ተነሥተህ በሩ ጋ ቁም» እያልኩ እስኪወርድ ድረስ አፌን አልዘጋም። የሥራ ጓደኞቹ «ሚስትህ ሌላ ሴት ይዟል ብላ ትጠረጥርሃለች» እያሉ ይስቁበታል አሉ። ይሳቁ! እሱ ደኅና ነኝ ይለኛል፣ እኔ ደኅና ነህ እለዋለሁ፤ እንደዚያ እየተሸነጋገልን ኖርን። የሚገርመኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ የገዛ መነጽሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ሥራው ላይ አንድ ስሕተት አይገኝበትም።

ምስጢሩ የወጣው ከኬኩ በኋላ ነው።

አዲስ መናሄል፣ አለቃ ማለት ነው፣ መጥቶባቸው ነበር፤ ኖኣም ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቁጥር ግን ይወዳል። ነገሩን ያስረዳችኝ ሲቫን ናት። ሲቫን ከይፍሩ ጋር የምትሠራ፣ አሽቀሎን የተወለደች የኛው ወገን ልጅ ናት፤ እናቷን ከጸሎት ቤት አውቃታለሁ። ፕሮግራም ማለት፣ አለችኝ፣ ከብዙ መቶ ትንንሽ ቁራጮች የተሠራ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ራስ ላይ፣ ይህ ምን እንደሚሠራና ለምን እንደተሠራ በሰው ቋንቋ መጻፍ ይገባል። ለኮምፒውተሩ አይደለም፣ እሱ ዘሎት ያልፋል፤ ነገ ለሚመጣው ሠራተኛ ነው። ሰው ግን ሰነፍ ነው፣ አይጽፍም። ኖኣም ስለዚህ ቆጣሪ መሣሪያ አመጣ። ከመቶ ቁራጭ ስንቱ ማብራሪያ አለው ብሎ ይቆጥራል። የአንዱ ሃያ ወጣ፣ የሌላው ሠላሳ አንድ፣ የሲቫን የራሷ አርባ። የይፍሩ ሰማንያ ሰባት።

«መሣሪያው የተጻፈውን ያነባል?» አልኳት።

«ምን ያነባል፣ እትዬ ንግሥት! የሆነ ነገር መጻፉን ብቻ ነው የሚያየው» አለችኝ።

በሳምንቱ ኖኣም ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበና፣ «ከይፍሩ ተማሩ» ብሎ ሥራውን ግድግዳ በሚያህል የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከፈተው። ፊደል! ከላይ እስከ ታች የኛ ፊደል። ኖኣም ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎት ሁለት ጊዜ ዘግቶ ከፈተው። «ይህ እኮ አማርኛ ነው» ያለችው ሲቫን ናት፤ እሷም መልኩን ታውቀዋለች እንጂ ማንበብ አትችልም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ ገልጦ አላየውም ማለት ነው፤ አውቶቡሶቹ በሰዓታቸው ይሄዱ ነበራ፣ ማን ምን ብሎ ያያል!

ይፍሩ ቤት ሲገባ ጮህኩበት። «ምን ነካህ አንተ ሰው? ዕብራይስጥ ጠፍቶህ ነው?»

ጫማውን እየፈታ መለሰልኝ። «በዕብራይስጥ ስጽፈው እውነት ይሁን ውሸት አይታወቀኝም። በአማርኛ ስጽፈው ግን ውሸት ከሆነ ይቆረቁረኛል። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልጀምር አነበዋለሁ። ትናንት ምን እንዳሰብኩ ይነግረኛል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጭንቅላቱ የለቀቀውን ያ ጽሑፍ ይዞለት ኖሯል። እኔ ስልክ ይዤ ከባቡር አወርደዋለሁ፤ ቢሮ ሲገባ ደግሞ የገዛ ጽሑፉ ይቀበለዋል። ለካ ሁለት ሆነን ነው ስንጦረው የከረምን።

ኖኣም አፈረ። ሰማንያ ሰባቱን ለበላይ አለቆቹ አስታውቆ ነበራ። መሣሪያው ከእንግዲህ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ብቻ እንዲቆጥር አደረጉትና የይፍሩ ቁጥር ባንድ ጠዋት ዜሮ ሆነ። ትእዛዝም ወጣ፤ በስድስት ሳምንት ሁሉም ወደ ዕብራይስጥ ይተርጎም፣ ከዚያ ፊደሉ ከየቁራጩ ይጠፋል። መጀመሪያ በተርጓሚ ማሽን ሞከሩት። ይፍሩ «ስምንት ሰዓት የነዳ ሾፌር ይረፍ» ብሎ የጻፈውን፣ ማሽኑ «ሾፌሩ ይሙት» ብሎ አወጣው። ሲቫን ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ መሳቄን እንጃ።

ሲቫን መላ አመጣች። «ጋሼ ይፍሩ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ፣ አማርኛ ስሰማ ይገባኛል፣ እኔ በዕብራይስጥ እጽፋለሁ» አለች። ቢሮ ውስጥ አንድ ቀን ሞከሩት። በዚያ ሰፊ አዳራሽ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሰው ሁሉ እየዞረ ያየው ጀመር፤ ይፍሩም አፈረና ንባቡን አቋረጠ። እኔ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረኝ። ያች ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላ ስትጠይቀው፣ መልሱ ቢጠፋውስ? ማን ይሸፍንለታል? ስለዚህ ራሴ ለሲቫን ደወልኩና፣ «ልጄ፣ እኛ ቤት አድርጉት፤ ከቤት ይሥራ፣ አንቺም ከሰዓት በኋላ ብቅ እያልሽ ጻፊ» አልኳት። ኖኣም ደስ ብሎት ፈቀደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት የተማርኩትን፣ ከወንበሩ አታንሡት ያልኩትን፣ ባሌን በገዛ እጄ ከወንበሩ አነሣሁት።

ሥራው የሚሠራው ማማድ ውስጥ ነው፣ ያ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ አዝዓቃው፣ ሲጮህ የምንገባበት የብረት በር ያለው ክፍል። ጠረጴዛ አገባሁላቸው። እሱ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ በሩ አጠገብ ድንች እየላጥሁ እጠብቃለሁ። ድንች እንደዚያ ክረምት በልተን አናውቅም። ሲቫን ጥያቄ ጠይቃው ዓይኑ ሲንከራተት ካየሁ ጣልቃ እገባለሁ፤ «ውኃ ልስጥህ? ልጄ፣ እናትሽ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት?» እላለሁ። እስክትመልስልኝ እሱ መስመሩን መልሶ ያገኛል። ሲቫን ሳታውቅ የቀረች አይመስለኝም። ግን የኛ ልጅ ናት፤ ታላቅ ሰው ሲደናቀፍ ዓይኗን ወደ መሬት ታደርጋለች።

ሲያነብ ደግሞ አቤት ማማሩ! ቀኑን አስቀድሞ ይላል፣ ከዚያ ቃል በቃል፣ ረጋ ብሎ። «የቀን ሾፌር ሌሊት እንዳይደርብ እዚህ ላይ በሩ ተዘግቷል። ይህን በር ከፍቼው ነበር፣ አንድ ሰው ሃያ ሰዓት ሊነዳ ሆነ፤ ደግነቱ ቀድሜ ደረስኩ።» ሲቫን መጻፏን ትታ ታዳምጠዋለች። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ማብራሪያ ማንም አይጽፍም» አለችኝ አንድ ቀን። «እኛ 'ተራ ያወጣል' ብለን እንተወዋለን፣ መሣሪያውም አንድ ብሎ ይቆጥርልናል። እሳቸው ምን እንደፈሩ ሳይቀር ጽፈውታል።» ቁጥሩ አሥራ ሁለት ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ፣ ሃምሳ አንድ ሆነ። እሱ ግን በዚያው ልክ ይወርድ ነበር። ጠዋት ተነሥቶ ለብሶ በር ላይ ይቆማል፣ የሚሄድበት ጠፍቶት። በሦስተኛው ሳምንት ሲቫንን በሞተችው እኅቱ ስም ጠራት። በአራተኛው፣ «ዛሬ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው?» አለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እንግዲህ ሰዓት ጠጋኙ ቤቴ ገባ አልኩ። ሆኖም ፊደሉን ያነባል፤ ሌላው ሁሉ ሲሄድ ፊደሉ አልሄደም። ይጨርስልኝ፣ ቁጥሩ ይሙላለት፣ ከዚያ ዕረፍት እንጠይቃለን፣ ጡረታውን በፈቃድ በምናምን እናገናኘዋለን፣ ማንም ሳያውቅ እንወጣለን እያልኩ ቀን እቆጥራለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ሰባ አራት ደርሰው ነበር። ይፍሩ መነጽሩን አስተካክሎ እንደ ወትሮው ከቀኑ ጀመረ። የዛሬ አራት ዓመት፣ ግንቦት። ከዚያም እንዲህ እያለ አነበበ።

«ይህን ቦታ አትንካው። ትናንት ያስተካከልከውን ዛሬ ረስተህ አፍርሰኸዋል፤ ሦስተኛህ ነው። ከእንግዲህ ሁሉን ጻፍ። በአማርኛ ብቻ ጻፍ፣ እነሱ እንዳያነቡት። ማንንም አትጠይቅ፣ ይነቁብሃል። ሐኪሙ የሰጠህን ወረቀት ቀድደህ ጥለኸዋል፣ አትፈልገው። ሚስትህ አታውቅም። እንዳታውቅ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ስታጥብ ውላ፣ ቤት ገብታ ደግሞ አንተን አትጀምር።»

ድንቹንና ቢላዋውን መሬት አኖርኩ።

የዛሬ አራት ዓመት! እኔ ያወቅሁት ከሁለት ክረምት በፊት ነው። እኔ እሱን እየሸሸግሁት ነው ስል፣ እሱ ቀድሞ እኔን ሲሸሽገኝ ኖሯል። ብቻውን ሐኪም ቤት ሄዷል። ብቻውን ሰምቷል። ብቻውን መጥቶ እራት በልቶ፣ ዛሬ ምን ዋልሽ ብሎኛል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኔ ባል ብቅልም አላስፈለገው፣ በገዛ አፉ፣ ጮክ ብሎ፣ በሰው ፊት አወጣው።

ሲቫን እጇን ከኮምፒውተሩ አንሥታ ደረቷ ላይ አድርጋለች። ይፍሩ መነጽሩን አውልቆ አየን። ድንጋጤ የለበትም። ያዘነ ሰው ፊት ነው፣ ለሌላ ሰው ያዘነ።

«ይህ ሰውዬ ታሟል» አለ። «ሚስቱ አታውቅም ማለት ነው? አይ፣ ይህማ ግፍ ነው። አንድ ሰው ይንገራት እንጂ።»

«ሰምታለች» አልኩት።

«ማን ነገራት?»

«ራሱ ነገራት።»

«ደግ አደረገ» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ምን አለች?»

ተነሥቼ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

ሲቫን ወደ እኔ ጠጋ አለችና በዕብራይስጥ ሹክ አለችኝ። ይህን አልጽፈውም፣ አለች። በቦታው ሌላ ነገር አደርግበታለሁ፣ አንዲት መስመር ትበቃለች፤ መሣሪያው መጻፉን እንጂ ምን እንደተጻፈ አያይም፣ ኖኣምም አያውቅም። ስፈልገው የከረምኩትን ሁሉ ያች ልጅ በእጄ ላይ አኖረችልኝ። ራሴን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ይፍሩን አየሁት። አራት ዓመት ሙሉ የተሸከመውን አውርዶ፣ የማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ፣ ለባለቤቱ ያዝናል። ይህን ደምስሼ በምኑ ላይ ነው ወንበር የምጠብቅለት? የሚቀመጠው ማን ነው?

«ጻፊው» አልኳት። «እንዳለ ጻፊው፤ አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።»

«እትዬ፣ ኖኣም ያነበዋል እኮ! አሁኑኑ ከሥራ ያስወጧቸዋል።»

«ያንብበው።»

ሲቫን ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች፣ ዕንባዋ እየወረደ። ይፍሩ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ፣ «አይዞሽ ልጄ» አላት። «ዘመድሽ ነው እንዴ?»